ስንት ከስንት? ከሕክምና ክፍል እስከ ባሌ ተራሮች

በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አስተባባሪ ኮሚቴው «ዘንድሮ ተናጋሪዋ አንቺ ነሽ» ብሎ ሲደውልልኝ የጠበቀው ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር እንዳወራ ነበር። በዚህ አዳራሽ ያለውን ሽበት ስመለከት አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ስለ ቀይ ቀበሮ ነው የማወራው አልኩ። ስልኩ ላይ ትንሽ ዝምታ ሆነ። ከዚያ «ሐኪም አይደለሽም እንዴ?» ተባልኩ። ነኝ። በሐኪምነቴ ነው የመጣሁት።

የ1997 ዓ.ም. ተመራቂዎች እዚህ ካላችሁ ታስታውሳላችሁ። ዋርድ ውስጥ አንድ መምህር ነበሩን፤ ስማቸውን ባልጠራም ታውቋቸዋላችሁ። «ይሄ መድኃኒት ይሠራል» ያለ ተማሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀው ነበር፦ «ስንት ከስንት?» ስንት ሰው ዳነ፣ ከስንት ታካሚ ውስጥ? መድኃኒቱን ካልወሰዱትስ ስንቱ ዳነ? መልስ የሌለው ተማሪ ዙሩ እስኪያልቅ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚከተለው። ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚያች ጥያቄ የወጣ ነው።

ሕክምና ራሱ ጥያቄዋን ከተማራት ብዙ ዘመን አይደለም። ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጥራ፤ ጥናቶቹ የተጻፉት በዚያ ስለሆነ ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም አርቺ ኮክሬን በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ብዙውን ሕክምና መጥቀሙን ሳናረጋግጥ እንደምንሰጥ አፍረጥርጦ ተናገረ። በዚያው ዓመት ኒውዚላንድ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች፣ ያለ ጊዜዋ ምጥ ለመጣባት እናት የስቴሮይድ መርፌ ቢሰጣት የጨቅላው ሳንባ ቶሎ እንደሚበስል አሳዩ። ከዚያ በኋላ ጥናት በጥናት ላይ ተደረበ። ነገር ግን ሰብስቦ የደመረው ስላልነበረ መርፌው የተለመደ ሕክምና እስኪሆን 20 ዓመት ግድም ፈጀ። በመሃል የሞቱትን ጨቅላዎች አስቡ። ማስረጃው እኮ መደርደሪያ ላይ ነበር።

በ2004 ዊሊያም ሰዘርላንድ የተባሉ እንግሊዛዊ የሥነ ምህዳር ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ የዱር ሕይወት ጥበቃም ከሕክምና ይህንን ይማር ብለው ጻፉ። ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ ብሮድስ በሚባል ረግረጋማ አካባቢ የሚሠሩ የጥበቃ ባለሙያዎች ውሳኔያቸውን ከምን ተነሥተው እንደሚወስኑ ተጠየቁ። ከጥናት ጽሑፍ የተነሣው ከመቶ 3 አይሞላም። ሦስት አራተኛው ያህል ልማድ፣ ግምትና የራስ ተሞክሮ ነው። እዚያው አገር፣ የሌሊት ወፎች አውራ ጎዳና ሲሻገሩ በመኪና እንዳይመቱ ተብሎ ከመንገዱ በላይ የሽቦ መሻገሪያ ይሠራላቸው ነበር። ይጠቅማል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በኋላ ተመራማሪዎች ቆመው ቆጠሩ፤ በ2012 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ወፎቹ መሻገሪያውን ከቁብ አልቆጠሩትም፤ በለመዱት መንገድ፣ በመኪና ከፍታ ልክ ነው የሚሻገሩት። ገንዘቡ ወጥቷል፤ የሠራው ሰው ልብም ንጹሕ ነው። ወፎቹ ግን አልዳኑም።

ይሄ በሀብታም አገር የሆነ ነው። እኛ ጋ ገንዘቡም እንስሳውም ጥቂት ስለሆነ ስህተቱ ይብስብናል።

አሁን ወደ ቀይ ቀበሮ። የባሌ ኦሮሞዎች ጀዳላ ፈርዳ ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ በዘሩ ለተኩላ የቀረበ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ በዓለም የትም የለም፤ በየትኛውም አገር የእንስሳት ማቆያም አታገኙትም። አዋቂዎቹ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በሳነቴ አምባና በዌብ ሸለቆ፣ ፍልፈልና አይጥ እያደነ ይኖራል። በቤተሰብ ነው የሚኖረው፤ አደኑን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል። ማታና ጠዋት ሲገናኙ የሚያደርጉት ሰላምታ የእኛን የዛሬውን ይመስላል፤ ጩኸት የበዛበት ነው። ሳነቴን በመኪና ያቋረጠ ሰው አንዱን ከመንገድ ዳር ቆሞ ጉድጓድ ሲያደባ አይቶት ሊሆን ይችላል።

ይህን እንስሳ ምን ይገድለዋል? ድሮ ብትጠይቁኝ ጥይት ወይም ወጥመድ እል ነበር። ለዘለቄታው የሚያጠፋው የመኖሪያው መጥበብ ነው፤ እርሻና ግጦሽ ወደ ላይ እየወጣ ነው። በአንድ ወቅት ውስጥ ጠራርጎ የሚወስደው ግን እኔና እናንተ ዋርድ ውስጥ የምናውቀው በሽታ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ።

ክላውዲዮ ሲሌሮ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መጨረሻ ባሌ ላይ እያንዳንዱን ቀበሮ በመልኩ ለይተው ያውቁ ነበር። በ1991 እና በ1992 መካከል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በአምስት ቤተሰቦች ከሚያውቋቸው 53 ቀበሮዎች 41ዱ ሞቱ ወይም ጠፉ። 41 ከ53። ልብ በሉ፤ ይህን ቁጥር ዛሬ መናገር የቻልኩት ሬሳ የቆጠረ ሰው ስለነበረ ብቻ አይደለም። ሬሳ ማንም ይቆጥራል። ወረርሽኙ ሳይመጣ 53 መሆናቸውን የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። ያ ባይኖር «ዘንድሮ ቀበሮ ብዙ አይታይም» ከሚል ወሬ አያልፍም ነበር።

በሽታው ከየት መጣ? ከውሻ። ባሌ ላይ ውሻ ከብት ይከተላል፤ ከጅብና ከነብር ይጠብቃል፤ አይታሰርም። የሚበላውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፤ ሲፈልግም ከቀበሮው ጋር ይገናኛል። በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ስለዚህ ውሾችን መከተብ ጀመረ። ለምን ውሾቹ አይገደሉም የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። በየከተማው መርዝ የተቀባ ሥጋ ሲወረወር ያላየ እዚህ ያለ አይመስለኝም። እዚህ ላይ ማስረጃው ግልጽ ነው፤ ውሻ መግደል በሽታውን አያቆምም። የተከተበውም ያልተከተበውም አብሮ ይሞታል፤ ባዶ የሆነውን ቦታ ያልተከተበ ቡችላ ይሞላዋል። ከውሾች 70 በመቶው ግድም ሲከተብ ነው ሰንሰለቱ የሚበጠሰው። ታንዛኒያ፣ ሴሬንጌቲ አጠገብ ባሉ መንደሮች ከመጀመሪያው የክትባት ዘመቻ በኋላ የውሾቹ በሽታ በ70 በመቶ፣ ከሁለተኛው በኋላ በ97 በመቶ ቀነሰ፤ ተነክሶ ጤና ተቋም የሚመጣው ሰውም ቀነሰ።

እንግዲህ ባሌም ላይ ውሻ ተከተበ፤ ነገሩ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። በ2003 ዌብ ሸለቆ ላይ በሽታው እንደገና ተነሣ፤ ከሸለቆው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። በ2008 ደገመ። በ2014 ሠለሰ። ምክንያቱ የሚገባን ነው። ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ የዘንድሮው የተከተበ ውሻ ከሦስት ዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል። ባሌ ላይ ደግሞ ጎዳንቱ የሚባል የከብት ዝውውር አለ፤ በወቅቱ ከቆላ ከብት ሲወጣ ያልተከተበ ውሻ አብሮ ይወጣል። ሕክምናው ውሻውንና ሰውን ጠቅሟል፤ ቀበሮውን ብቻውን ሊያድነው ግን አልቻለም። በእኛ ቋንቋ፣ በሽተኛው መድኃኒቱን እየወሰደ ትኩሳቱ ከተመለሰ «መድኃኒቱ ጥሩ ነው» ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም።

ታዲያ ቀበሮውን ራሱን መከተብ ነዋ! ይሄ ለእናንተ ግልጽ ይመስላል፤ ለብዙ ዓመት ግን አልተደረገም፤ ያልተደረገውም በስንፍና አይደለም። በ1991 ሴሬንጌቲ ውስጥ ጥናት ይደረግባቸው የነበሩ የዱር ውሾች ጠፉ። አንድ ተመራማሪ፣ ተይዘው መከተባቸው ራሱ በጭንቀት አዳክሟቸው ነው አሉ። በኋላ የተደረጉት ትንተናዎች ይህን አልደገፉትም፤ ፍርሃቱ ግን ቀረ። 500 የማይሞላ እንስሳ የሚጠብቅ የመንግሥት ባለሙያ «ብንገድላቸውስ?» ብሎ ቢያመነታ እኔ አልወቅሰውም። እኛም የማልነው መጀመሪያ አትጉዳ ብለን ነው። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። የጎደለው ጥርጣሬውን የሚፈታ ሙከራ ነው።

ሙከራውም በሁለት በኩል መጣ። አንደኛው ወረቀት ላይ ነው። በ2002 የታተመ የሒሳብ ስሌት፣ ሁሉንም መከተብ ግዴታ እንዳልሆነ አሳየ፤ ከቀበሮዎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ ቢከተቡ ትልልቆቹ ወረርሽኞች ሊገቱ ይችላሉ። ይህ ለእኛ ለሐኪሞች ይገርማል። ኩፍኝን ለማቆም ከመቶ 95 ሕፃን ካልተከተበ የምንል ሰዎች ነን። ልዩነቱ ግቡ ላይ ነው። እዚህ የሚፈለገው በሽታውን ጨርሶ ማጥፋት አይደለም፤ ዝርያው እንዳይጠፋ የሚበቃ ቀበሮ ማስቀረት ነው። በ2003ቱ ወረርሽኝ ይህ ተሠራበት፤ ባለሙያዎቹ ከዌብ ሸለቆ ወደ ሌሎቹ ሥፍራዎች በሚያሻግሩት ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ በመርፌ ከተቡ፤ በሽታውም ሸለቆውን አልፎ አልተዛመተም።

ሁለተኛው ሙከራ በሥጋ ነው። ቀበሮን በወጥመድ ይዞ መርፌ መውጋት አድካሚ ነው፤ ለእንስሳውም ጭንቀት ነው። አውሮፓ ውስጥ ለቀበሮዎች የሚሰጠው በአፍ የሚወሰድ ክትባት ለእኛዎቹ ይሠራ እንደሆነ ከ2011 ጀምሮ ተፈተነ። የቱን ሥጋ ይወዳሉ? ቀን ይጣል ወይስ ማታ? እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ በትልቅ መጽሔት ላይ ስታነቡት ያስቃል፤ ነገር ግን ሕይወቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። መልሱ የፍየል ሥጋ፣ በሌሊት የሚል ሆነ። በኋላ ከተያዙት 21 ቀበሮዎች 14ቱ ክትባቱን መብላታቸው በተደረገበት ምልክት ታወቀ፤ ከ14ቱ አብዛኞቹ ደማቸው ውስጥ የመከላከያ አንቲቦዲ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነው፣ በነሐሴ 2018፣ ክትባቱ የዘወትር የጥበቃ ሥራ ሆኖ ባሌ ላይ የተጀመረው። ከመጀመሪያው ቆጠራ 27 ዓመት ግድም በኋላ ማለት ነው። ረጅም ነው፤ ለእኔ በጣም ረጅም ነው። ግን እያንዳንዱ እርምጃ የቆመበትን ቁጥር ማሳየት ይችላል።

ይሄም ቢሆን ሁሉንም አይፈታም። ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ በ2005 እና 2006፣ እንደገናም በ2010 ገብቶ በተነኩት ቡድኖች ከ43 እስከ 68 በመቶ የሚሆኑትን ገድሏል። የእብድ ውሻ ክትባት ለእርሱ አይሆንም። አንድ በሽተኛ አንድ በሽታ ብቻ ይኖረዋል ያለን የለም።

እኔ እዚህ ታሪክ ውስጥ የገባሁት በ2001 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። ባሌ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል እሠራ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አምጥተው አስተኙልኝ። ከወር በፊት ውሻ ነክሶታል። በወቅቱ ክትባት የሚገኝበት ቦታ ሩቅ ነበር፤ ያኔ የነበረውም ክትባት ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጀው፣ ሆድ ላይ በየቀኑ ለብዙ ቀን የሚወጋው ነው። በአዲስ አበባ «ፓስተር» የሚባለውን ሰፈር ስታልፉ ስሙ ከየት እንደመጣ ካላሰባችሁ፣ ከዚህ ነው፤ የዚህ ክትባት ቤት ነበር። ልጁ ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው ይያያዛል፤ ነፋስ ሲነካው ይደነግጣል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የምንሰጠው ማስታገሻ ብቻ ነው፤ ይህን እናንተ ታውቁታላችሁ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

አባትየው ሬሳውን ከመውሰዳቸው በፊት ነርሷ እያስተረጎመችልኝ ስለ ውሻው ጠየቅኳቸው። ከብት ይዞ ላይ ተራራው ላይ ከርሞ የወረደ ነው አሉ። ከዚያ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «እዚያ ላይ ጀዳላዎቹም እየሞቱ ነው» አሉ። ያኔ ቃሉን እንኳ አላወቅሁትም፤ ነርሷ ናት ቀይ ቀበሮ ማለታቸው ነው ያለችኝ። በዚያው ወቅት በሽታው በቀበሮዎቹ ላይ መሆኑን በኋላ ከታተመ ጽሑፍ ነው ያነበብኩት። እኝህ ሰው የወረርሽኝ ምርመራ ባለሙያ ወራት የሚፈጅበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውናል። የታካሚ መዝገቡ ግን ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻ፣ የበሽታ ዓይነት የሚል ብቻ ነው፤ ለዚያች ዓረፍተ ነገር የሚሆን ዓምድ የለውም። ወደ ፓርኩ የሚሄድ ቅጽም የለም። ከፓርኩ ወደ እኛ የሚመጣም አልነበረም።

ማስረጃ ስል የውጭ መጽሔት ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ መንዝን አስቡ። የጓሳን ሣር የአገሩ ሰው ለዘመናት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቀው ነበር፤ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ለቤት ክዳን ሲደርስ በተቆረጠ ቀን ይከፈታል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ የተረፉት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ግጦሹም ቆረጣውም ልክ አጣ፤ የኋላ ኋላ ነው ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ ያቋቋመው። ሽማግሌዎቹ ሣሩ በስንት ዓመት እንደሚመለስ ያውቁ ነበር፤ ደጋግመው ስላዩት። ስንት ከስንት ብላችሁ ብትጠይቋቸው ይመልሱላችኋል።

ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው የሚለው ደግሞ የሚያጣላ ጉዳይ ነው። ድንገተኛ ክፍል ስንሠራ ጮክ ብሎ የሚያለቅሰውን አይደለም መጀመሪያ የምናየው። ዱሩ ላይ ግን እንደዚያ ነው የሚደረገው። ቀይ ቀበሮ ውብ ነው፤ ፎቶ ይወጣለታል፤ ለጋሽ ያገኛል። ነጌሌ ቦረና አጠገብ፣ ሊበን ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ከዋና አፍሪካ ምድር መጀመሪያ የምትጠፋው ወፍ ልትሆን ትችላለች እየተባለ ይሰጋላታል። ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ብቻ የተቆጠረው ቁጥሯ በ40 በመቶ ወርዷል። የምትፈልገው ክፍት የሣር ሜዳ ነው፤ እሱም በእርሻ፣ በቁጥቋጦና በግጦሽ ብዛት እያለቀ ነው። እዚህ ካለን ሰዎች ስንቶቻችን ስሟን ሰምተናል? የሊበን ሎሚት ትባላለች ብላችሁ የሰማችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ማንም አያወጣም፤ ምክንያቱም ስሙን አሁን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ፈረንጆቹ ሊበን ላርክ ይሏታል፤ ሕዝቡ የተቀበለው የአማርኛ ስም እንኳ አላገኘሁላትም።

እንግዲህ የምለምነውን ልናገርና ልውረድ።

የሥነ ሕይወትና የእንስሳት ሕክምና መምህራን እዚህ ናችሁ። ተማሪዎቻችሁ በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራሉ። ከአሥሩ ሁለቱ ቆጠራ ይሁኑ፤ በየዓመቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ዘዴ። አዲስ ርዕስ አይደለም ብላችሁ አትመልሱት። 53 ብሎ የጻፈው ሰው ሥራም ያኔ አዲስ ግኝት አይመስልም ነበር። ጽሑፉም መደርደሪያ ላይ አይቅር፤ ቁጥሩ ብቻ እንኳ ለፓርኩ ይድረስ። በየፕሮጀክቱ በጀት ላይ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከሥራው በኋላ ያለው ቆጠራ መሆኑን አይቻለሁ።

ገንዘብ ያላችሁ ደግሞ፣ በተለይ ከውጭ የመጣችሁ፣ «ለቀበሮ እርዳታ» ብላችሁ ስትሰጡ ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይቆጥራል ብላችሁ ጠይቁ። ሰው ይቀየማል ብላችሁ አትፍሩ፤ የሚሠራ ሰው አይቀየምም።

ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ለጤና መኮንኖች የያዝኩት ግን ትንሽ ነገር ነው። በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከቡናው ጎን፣ አንድ ገጽ ቅጽ አስቀምጫለሁ። አራት መስመር ብቻ ነው ያለው፦ ውሻው ከየት ቀበሌ መጣ፤ ከብት ይዞ ላይ ወጥቶ ነበር ወይ፤ በዚያ ሰሞን የሞተ ውሻ ወይም የዱር እንስሳ ታይቷል ወይ፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተደወለ ወይ። የታካሚው ስም አይጻፍበትም። ባሌ፣ አርሲ፣ መንዝ፣ ወሎና ሰሜን ተራሮች አካባቢ የምትሠሩ፣ ወይም እዚያ የሚሠራ ተማሪ ያላችሁ፣ የምትሠሩበትን ወረዳ ጻፉና ቅጹን ይዛችሁ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ የሚሄድ መኪና ያለው ሰው ደግሞ የቀረውን ኮፒ ቢያደርስልኝ ደስ ይለኛል።